የማትጸናዋ እሳት

ልብስ ሰፊዋ አንድ ነገር አልዋጥላት ካለ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም። አንዲት ስፌት ከተንጋደደች እጅጌውን ሙሉ ተርትራ እንደገና ትጀምራለች። የዚያን ሰሞን ግን መቀመጫ ያሳጣት ልብስ ሳይሆን መታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ነበር።

አብረዋት የሚኖሩት የባሏ አባት ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በሙቅ ውሃ ካልታጠቡ እግራቸው አይታዘዝላቸውም። ማሞቂያውን የምታቀጣጥለው ትንሿ እሳት ግን ማዞሪያውን ተጭነው ሲለኩሷት ትበራና ትንሽ ቆይታ ድርግም ትላለች። ባለሙያ ተጠራ። ትጉህ ሰው ነው፤ እሳቷ መብራቷን የሚያውቀውን ቀጭን ዘንግ በአዲስ ቀየረ፤ እሳቷ መጽናቷን አይቶም ሄደ። የዚያኑ ዕለት ሽማግሌው ሲታጠቡ ጠፋች። ሲደወልለት፣ ምናልባት አዲሱም ዕቃ ችግር አለበት፣ ሌላ ይዤ እመጣለሁ አለ።

እሷ ግን አሰብ አደረገች። ባለሙያው ሲሠራ መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ሽማግሌውን ብርድ እንዳይመታቸው የዘጋችው ራሷ ናት። በርጩማዋን ስባ ማሞቂያው ፊት ተቀመጠች። መስኮቱን ከፍታ፣ ሙቅ ውሃውን ለቀቀች፤ እሳቷ ሰማያዊ ሆና ቀጥ አለች። መስኮቱን ዘጋች። እሳቷ እየቆየች ቢጫ ሆነች፣ ተወዛወዘች፣ ጠፋች።

ሽማግሌው ሰሞኑን ራሴን አመመኝ ሲሉ መሰንበታቸው ትዝ አላት። ጋዙን ዘግታ፣ መስኮቱን በርግዳ ወደ ሳሎን ሄደች።

«አባባ፣ ራስዎን የሚያምዎት መቼ መቼ ነው?»

«ታጥቤ ስወጣ ነዋ፣ ልጄ። ደጅ ትንሽ ስቀመጥ ይተወኛል። እርጅና አይደል?»

እርጅና አለመሆኑ ገባት። ባለሙያው ጋ ደውላ፣ ዕቃውን ተወውና የማሞቂያውን ጭስ ማውጫ የምታይበት መሰላል ይዘህ ና አለችው። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከጭስ ማውጫው ቱቦ ውስጥ በእፍኝ በእፍኝ ደረቅ ሣርና ላባ አወጣ፤ ወፍ ጎጆ ሠርታበት ኖሯል። ጭሱ መውጫ አጥቶ ወደ ቤት ይመለስ ነበር፤ እሳቷም የምትጠፋው አየር አጥሯት ነው።

«መስኮቱን ዘግታችሁ ብትቀጥሉ ኖሮ የጭሱ መርዝ ሽማግሌውን ይገድላቸው ነበር» አላት። ቱቦውን ጠርጎ አፉን በወንፊት ሽቦ ሸፈነው፤ በመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳም የማይዘጋ የአየር መግቢያ አበጀ።

በማግስቱ ሽማግሌው ሲታጠቡ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ።

«ራስዎስ፣ አባባ?»

«ቅልል ብሎኛል» አሉና፣ ማበጠሪያዬን አምጪልኝ አሏት።