መንገድ የለቀቅሁበት ቀን

ደብረ ብርሃን ሥራ ላይ ሳለሁ ወንድሜ ደውሎ «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ነይ» አለኝ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በአካል ነው የሚያረዳው። ስለዚህ «ትንሽ አሟቸዋል» ሲባል ታመውም ይሆናል፣ ሞተውም ይሆናል። ደዋዩን ማፋጠጥ ነውር ነውና አልጠየቅሁም። አስፈቅጄ በመሐል ሜዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ጓሳ የሣር ሜዳ ላይ ስወርድ አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከዚያ እስከ ሰፈራችን በእግር መንገዱ ሁለት ሰዓት ቢያስኬድ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊቴ ሲጓዙ አየሁ። አንዷን በአካሄዷ ለየኋት፤ ጎረቤታችን ናት። ብደርስባቸው ከዓይናቸው አነበዋለሁ። መንገዱን ለቅቄ ሣሩ ውስጥ ገባሁ። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ እኔ ለአባቴም አልሆንኩ።

ጓሳን ያለ መንገድ ማቋረጥ ልፋት ነው። ሣሩ ጉልበት ይውጣል፣ ሥሩ ውኃ ያዘለ ነው፣ በየመካከሉ የፍልፈል ጉድጓድ አለ። ጉም ሲመጣ የቤተ ክርስቲያናችን ዛፎች ጠፉብኝ፤ ሲገለጥ ደግሞ ባላሰብኩት በኩል ሆነው አገኘኋቸው። አላለቀስኩም። ምንም አልተሰማኝም። የማስበው ስለረጠበው ጫማዬ ብቻ ነበር። ሰው እስካላገኘሁ ድረስ አባቴ አሉ፤ ትንሽ አሟቸው ተኝተዋል።

ሰፈር ስደርስ ዐሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ደጃችን ላይ ድንኳን ተተክሏል፤ ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ተቀምጧል። የአባቴ ታላቅ ወንድም በቅሏቸውን እንደያዙ ደጅ ቆመዋል። ከጠዋት ጀምረው ወንዙ መሻገሪያ ላይ፣ እዚያው የለቀቅሁት መንገድ ላይ፣ ሊቀበሉኝ ሲጠብቁ ውለዋል።

«በየት መጣሽ ልጄ?» አሉኝ። «አባትሽ ‹ልጄ ሳትደርስ አፈር እንዳታለብሱኝ› ብሎ አደራ ብሎኝ ነበር። ሰዉ ሳጥኑን ደጀ ሰላሙ ላይ አሳርፎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቀሽ። ኋላ ዝናቡ መጣሁ መጣሁ አለ፣ ካህናቱም ይበቃል አሉ።»

መንገድ ጠፍቶኝ ነው አልኳቸው። ጓሳ ላይ ከብት እየጠበቅሁ ማደጌን እሳቸውም ያውቃሉ።  ለእኔ የጫኑትን ኮርቻ ፈተው ማውረድ ጀመሩ።