ዮናስን በስሙ የጠራንበት እሁድ

ባለፈው ሳምንት የአሥር ዓመቱ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥቶ ቦርሳውን ሳሎኑ መሀል ወረወረና «ማሚ፣ ስኩል ዩቱብን ብሎክ አደረገው! ዲስ ኢዝ ዲክታተርሺፕ!» ብሎ ጮኸ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለችው ዳብሊን ከገባን ጀምሮ የዚህ ልጅ ብሶት አያልቅም፤ ትናንት የአውቶቡሱ ወንበር ነበር፣ ዛሬ ደግሞ አምባገነንነት። ልስቅ አፌን ከፈትኩና ሳቁ እዚያው ቀረ። እሱ ማቀዝቀዣው ውስጥ እርጎ ፍለጋ ሲያተራምስ እኔ ሽንኩርቴን እየከተፍኩ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ወደ ኦክላንድ፣ ወደ እትዬ ለተ ክፍል። ስለ ዮናስ ለልጄ ነግሬው አላውቅም። እንዴት ተብሎ እንደሚነገርም አላወቅሁበትም።

ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከቴሌግራፍ ጎዳና ብዙ በማይርቅ አሮጌ ቤት ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ኮሌጅ እማር ነበር። የጎን ክፍሉ የእትዬ ለተብርሃን ነው። እዚያው ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ የሚሠሩ፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ቁሌት ቁሌት የሚሸት፣ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ። ተወልደው ያደጉት አዲስ አበባ ነው። በጦርነቱ ጊዜ «ኤርትራውያን ናችሁ» ተብለው ከልጃቸው ከዮናስ ጋር አውቶቡስ ላይ ተጭነው አስመራ ተላኩ። ትግርኛቸው ከእኔ ብዙም አይሻልም፤ የሚጸልዩትም የሚቆጡትም በአማርኛ ነው። በኋላ እሳቸው በሱዳን በኩል ወጥተው አሜሪካ ገቡ። ልጅየው ግን ለብሔራዊ አገልግሎት ተይዞ እዚያው ቀረ። ደግነቱ የተመደበው አስመራ ከተማ ውስጥ፣ አንድ ቢሮ ነበር።

እናትም ልጅም ጴንጤዎች ናቸው። እዚያ አገር ደግሞ የእነሱ ቤተ ክርስቲያን ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ የጸለየ ይታሰራል፣ የታሰረ ደግሞ የት እንደገባ አይነገርም። ስለዚህ ከዮናስ ጋር ስንጻጻፍ ስለ እግዚአብሔር አንዲት ቃል አንተነፍስም ነበር።

የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ በእሱ ማታ። እትዬ ለተ ፉል በሎሚና በቃሪያ ሠርተው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ የእኔን ከባድ ላፕቶፕ እንደ ታቦት ጠረጴዛው መሀል ያስቀምጡታል። እሳቸው መጻፍ ስለማይሆንላቸው ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። ከስሙ አጠገብ አረንጓዴዋ ምልክት ስትበራ «መጣ! መጣ!» ብለው ትከሻዬን ይደበድቡታል። እሱም አማርኛውን በእንግሊዝ ፊደል እየጻፈ «ማዘር፣ ዛሬ ምን በላችሁ?» ይላል። ሌላ ነገር አይጠይቅም ነበር ማለት ይቻላል። የሚጽፍበት ኢንተርኔት ካፌ ስክሪኖቹ በሙሉ ወደ ውጭ የዞሩ ናቸው፤ ጥግ ላይ ደግሞ ገጽ የማይገልጥ ጋዜጣ አንባቢ ይቀመጣል። መስመሩ ከመድከሙ የተነሳ ፎቶ ስንልክለት ከግንባራችን ይጀምርና አገጫችን ሳይደርስ የከፈለበት ሰዓት ያልቃል። «ማዘር፣ አፍንጫሽ ደርሶኛል፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ቅዳሜ» ብሎ የጻፈ ቀን እትዬ ለተ ከሳቃቸው ብዛት አለቀሱ።

በአንዱ በጋ መጨረሻ ከአስመራ የመጣች ሴት የቃል መልእክት አደረሰችላቸው። በሰው እጅ የላኩት የስብከት ፍላሽ ደርሶታል፤ እያባዛ ለሌሎች ያድላል፤ ዓርብ ዓርብ አንድ ቤት ተሰብስበው ይሰሙታል። እትዬ ለተ በደስታ የሚሆኑት ጠፋቸው። እሁድ ሳን ሆዜ በተከራየነው አዳራሽ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና ማይኩን ያዙ። ፍላሹን ተናገሩ። ዓርብን ተናገሩ። ሰፈሩንም ተናገሩ። ጉባኤው በእልልታ ቀለጠ።

የጉባኤያችን ልማድ ነበር፤ ጸሎት በስም ነው። «አንድ ወንድም» ተብሎ አይጸለይም፤ ስም ከነአባት፣ ከተማ ከነሰፈር። የጸሎት መሪያችን ጋሽ በቀለ ተነሱና «እህት ለተብርሃን፣ ሙሉ ስሙን ይንገሩን። በስሙ ጠርተን እንጸልይለት» አሉ።

እትዬ ለተ ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ ተናገሩት። አዳራሹም በአንድ ድምፅ ዮናስን ከነአባቱ እየጠራ ጸለየ። ብሩክ የሚባል የኮምፒውተር መሐንዲስ የሳምንቱን ፕሮግራም እየቀረጸ በነፃ የሚያገለግለን ልጅ ነበር፤ ማታውኑ ዩቱብ ላይ ጫነው። ርዕሱን «ድንቅ ምስክርነት ከአስመራ» አለው፣ ከነቃለ አጋኖው። ከእኛ መሀል አንድም ሰው ክፉ አላሰበም፤ ይህን ስል ግን ይቅር እያልኳቸው አይደለም። እዚያ ያለውን ኢንተርኔት እንደ እሳት ስንፈራ እዚህ ያለውን ረሳነው። እዚያ ያሉት አያዩትም ብለን ነበር። እውነትም የሚሰሙት አላዩትም፤ የሚያስሩት ግን አዩት።

ያን እሁድ ከአዳራሹ ስንመለስ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። ኤይት ኤይቲ ከሚባለው አውራ ጎዳና በስተቀኝ ኮረብቶቹ ደርቀው እንደ ጤፍ አውድማ ቢጫ ሆነዋል። እትዬ ለተ ቆሎ እያዘገኑኝ፣ መዝሙር እያንጎራጎሩ፣ አንዴ ደግሞ መስታወቱን አውርደው ፊታቸውን ለንፋሱ ሰጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንዲያ ሆነው አላየኋቸውም።

ክረምቱ ሳይገባ እህታቸው ከአስመራ ደወለች። «ዮናስ ታሟል። ሆስፒታል ገብቷል። አትደውሉ» አለችና ዘጋች። ታመመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እትዬ ለተ ያውቃሉ፤ እዚያ በስልክ «ታሰረ» አይባልም። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ጉልበታቸውን አቀፉ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት አረንጓዴዋ ምልክት በራች።

«እናቴ፣ እንዴት ነሽ» ይላል ጽሑፉ። ዮናስ እናቴ ብሎ አያውቅም። ቀጠለ፤ «በቸርች ስለ እኔ የተናገርሽውን ቪዲዮ አየሁት። ደስ ብሎኛል።» የእናቱን አፍንጫ ለማየት አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ልጅ ቪዲዮ አየሁ አለ። ቀጥሎም «ዓርብ የሚመጡትን ልጆች ስም ረሳሁት፤ አስታውሺኝ» መጣ። እጄ ቁልፎቹ ላይ ቀረ።

«እትዬ፣ ይሄ እሱ አይደለም። ላጥፋው» አልኳቸው።

«እንዳታጠፊው!» እጄን ጨምድደው ያዙት። «እሱ እንዳልሆነ አጥቼው ነው? ይሄ ሰው ልጄን ያየዋል። ዛሬ ጠዋትም ሳያየው አልቀረም። እኔ ሌላ ልጄን የሚያይ ሰው የት አለኝ? ጻፊ። ስማቸውን አላውቅም፣ አርጅቻለሁ በይው። ከዚያ ጠይቂው፣ በልተሃል ወይ በይው።»

ጻፍኩ። «በልቻለሁ እናቴ» አለ።

ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ውጭ ዝናቡ የኦክላንድን ጣራ ይደበድባል፤ እኛ ፉሉ እየቀዘቀዘብን ለአሳሪው ደብዳቤ እንጽፋለን። እሱ ስም ይጠይቃል፤ እሳቸው ረሳሁ ይላሉ። በመካከሉ ግን ልጃቸውን ያስታምማሉ። «ልጄ፣ ደረትህን ብርድ እንዳይመታህ፤ ትንሽ ሳለህ ሳንባ ምች ይዞህ እንደነበር አትርሳ።» ልጃቸውን የያዘውን ሰው «ልጄ» ይሉታል፤ እኔም ያንን ቃል እጽፋለሁ። አንድ ቅዳሜ «ወፍራም ካልሲ አግኝቻለሁ» ብሎ መለሰ። እትዬ ለተ ተንበርክከው አመሰገኑ። ያ ሰው አዝኖ እውነቱን ይናገር፣ ወይስ ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀብን ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ስለዚያ ሰው ሳስብ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ በሙሉ ልቤ እንድጠላው እንኳ አልፈቀደልኝም።

ጉባኤው ቪዲዮውን ከዩቱብ አስጠፋው። ብሩክ ለወራት አልታየም። ጋሽ በቀለ ግን አንድ እሁድ በር ላይ ጠበቁንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እህት ለተብርሃን፣ እንዲህ ያለውን ነገር በአደባባይ ሲናገሩ ጥንቃቄ ያስፈልግ ነበር» አሉ። በገዛ አፋቸው ስሙን የጠየቁት ሰው! ልናገር ስል እትዬ ለተ ክንዴን ቆነጠጡኝና «ልክ ነዎት ጋሼ» ብለው አለፉ። 

የፋሲካ ሰሞን አረንጓዴዋ ሳትበራ ቀረች። በሚቀጥለው ቅዳሜም አልበራችም። እትዬ ለተ ፉሉን መሥራት ሳይተዉ፣ ላፕቶፑን መክፈት ሳይተዉ፣ ዓመት ጠበቁ። እህታቸው አንድም ቀን መልሳ አልደወለችም። ዮናስ ይኑር አይኑር የሚያውቅ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም።

አሁን እትዬ ለተ አላሜዳ፣ የአረጋውያን አፓርትመንት ውስጥ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ደክሟል። ሐኪም ቤት የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛውንም የማስተረጉመው እኔ። ባለፈው ወር አዲስ ክሊኒክ ሄደን ነበር። ነርሷ ደግ ልጅ ናት፤ መልሱን ኮምፒውተሯ ላይ እየጻፈች ዕድሜ፣ አድራሻ፣ መድኃኒት ጠየቀችና «ልጆች አሉዎት?» አለች። አስተረጎምኩ።

«የለኝም በያት» አሉ እትዬ ለተ።

ደነገጥኩ። ዓይኔን አፍጥጬ ባያቸው መልሰው «የለኝም» አሉ፣ ጠንከር አድርገው። ነገርኳት። ነርሷም ቀጠለች።

እስከ መኪናው ድረስ ደገፍኳቸው። በቃ፣ ተስፋ ቆረጡ ብዬ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን ልጅ ዛሬ በሁለት ቃል ቀበሩት ብዬ ነበር። ወንበራቸው ላይ አስቀምጬ ቀበቶውን ሳስርላቸው መቻል አቃተኝ።

«እትዬ፣ እንዴት የለኝም ይላሉ? ዮናስስ?»

መጀመሪያ አፌን በእጃቸው ከደኑት። ከዚያ ዞር ብለው ወደ ክሊኒኩ በር ተመለከቱ፤ ማንም እንዳልተከተለን አረጋገጡ።

«ልጅቷ ሁሉን ነገር ኮምፒውተር ላይ ስትጽፈው አላየሽም?» አሉኝ።