ፀጉር ቤት የተኛው በሽተኛ

ቲጃኒ ጊንጆ ሰፈር ውስጥ ፀጉር አስተካካይ ነው። ሥራውን ይወዳል፤ ወሬ ግን የበለጠ ይወዳል። ፂሙን ሊላጭ የገባ ሰው የሊሙን ዝናብ፣ የሰፈሩን ጠብና የሩቅ አገር ምርጫ ሳይቀር ሰምቶ ይወጣል። ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ አንድ ላይ ይጮኻሉ፤ እሱ ከሁለቱም በላይ ያወራል።

ኮሌጅ ባዮሎጂ የምታስተምረው ጽዮናዊት ፀጉሯን አጭር ስለምትቆረጥ ደንበኛው ነበረች። ለተጨማሪ ትምህርት አዳማ ስትሄድ አንድ የመስታወት ገንዳ አደራ ሰጠችው። ገንዳው ውስጥ እንደ ዓሣ የሚዋኝ፣ እንደ እንሽላሊት አራት እግር ያለው፣ ነጣ ያለ ሮዝ እንስሳ ነበር። ከራሱ ግራና ቀኝ ቀይ ላባ የመሰለ ነገር ወጥቷል።

«አክሶሎትል ይባላል» አለችው። «ያ ላባ መተንፈሻው ነው። ከውጭ የመጣች ጓደኛዬ ናት የሰጠችኝ።»

ቲጃኒ ስሙን ሞካክሮ አልሆንለት ሲል ተወውና «ሙሽራው» አለው፤ አፉ ሁልጊዜ ፈገግ እንዳለ ነውና። ጎረምሶች እየመጡ ራሱን በጣታቸው ያሳዩና «እንደሱ ቁረጠኝ» ይሉ ጀመር።

ነገር የተበላሸው ቲጃኒ ስላዘነለት ነው። እንስሳው ብቻውን መዋሉ ሆዱን በላው። አሰንዳቦ ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ሲመለስ፣ አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ዓሣ ከነሕይወቷ በጀሪካን ይዞ መጣና ለጓደኝነት ብሎ ገንዳው ውስጥ ለቀቃት። በማግስቱ ሱቁን ሲከፍት የሙሽራው የፊት ቀኝ እግር ከክርኑ በታች የለም። ቆሮሶዋ ምንም እንዳላደረገች ትዞራለች።

ስልክ ደወለ።

«ጽዮኔ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትደንግጪ።»

«ሞተ?»

«የለም። እግሩ የለም እንጂ። ዓሣዋ በላችው።»

«የምን ዓሣ?»

ቲጃኒ ከአሰንዳቦ ጀምሮ ተረከላት። ጀሪካኑንም አልተወም።

ጽዮናዊት ከተቆጣች በኋላ ረጋ ብላ አዘዘችው። «ለብቻው አድርገው። ውሃው ቀዝቃዛና ንጹሕ ይሁን፤ የቧንቧውን አሳድረህ በየቀኑ ቀይርለት። ጨለም ይበልለት። ደግሞ ጸጥታ ይፈልጋል፤ ከተረበሸ አይበላም።»

«መድኃኒቱስ?»

«ምንም። እግሩ ራሱ ይበቅላል።»

«ይበቅላል ስትይ?»

«ተመልሶ ይወጣል። ከነጣቱ።»

ልታጽናናኝ ነው ብሎ የባሰ አዘነ። ቆሮሶዋን ሚስቱ ሩፈይዳ ጠበሰቻት፤ እሱ ግን «እግሩ ሆዷ ውስጥ ነው» ብሎ ሳይነካት ቀረ።

ከቤቱ ይልቅ የፀጉር ቤቱ ጥግ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ በሽተኛው እዚያው በፕላስቲክ ሳፋ ተኛ። ቲጃኒ ሳፋውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው፤ ደንበኛ የሚያለብሰውን ሽርጥ ደግሞ ከላይ ጣል አደረገበት። ሬዲዮው ጠፋ፤ ቴሌቪዥኑ ጠፋ። ቶንዶሱም ስለሚንጫጫ ሥራው ሁሉ በመቀስ ሆነ። ሰው በሹክሹክታ «ከጎን አሳጥርልኝ» ይላል፤ ቲጃኒ ራሱን ይነቀንቃል።

በዚያ ሰሞን ሊሙ ገነት የቡና ማሳ ያላቸው ጋሽ ዋቅጋሪ እርጥብ ቅጠል አንሸራቷቸው እግራቸው ተሰብሮ፣ ጊንጆ ልጃቸው ሶረቲ ቤት ተኝተው ነበር። ቤት መዋሉ ቢሰለቻቸው በክራንቻ ወደ ፀጉር ቤቱ መጡ።

«አካም ቡልተኒ?» ብለው ማሳ ላይ በሚጣሩበት ድምፅ ሰላምታ ሰጡ።

ቲጃኒ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ማነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ። በሽተኛ አለ። እግሩ ተቆርጦ ነው።»

ጋሽ ዋቅጋሪ ሽርጡን ገለጥ አድርገው አዩ። ከዚያ ጀሶአቸውን በክራንቻ ጫፍ መታ መታ አደረጉ። «የኔን ሚላ፣ ይሄን እግርስ ማን ጠየቀ? ለኔ እግር ሬዲዮ ያጠፋ አለ?»

«የእርስዎ እኮ ቦታው ላይ አለ ጋሼ። የሱ ገና ይበቅላል ተብሎ ነው የሚጠበቀው።»

«እግር ይበቅላል ነው የምትለኝ?»

«አስተማሪዋ ናት ያለችው።»

ሽማግሌው ከዚያ ቀን በኋላ አልቀሩም። ለመታዘብ ነው የመጣሁት ይላሉ፤ ነገር ግን ከልጃቸው ጓሮ የበሰበሰ የቡና ገለፈት በክራንቻ እየጫሩ ትል ለቅመው ለበሽተኛው ምሳ በጣሳ ያመጣሉ። ሶረቲ ቲጃኒን ለብቻው ጠርታ «አባዬ ከትል ጋር ሲያወሩ ሰማሁ፤ ደህና ናቸው?» ብላ ጠየቀችው።

ቀን የታፈነው የቲጃኒ ወሬ ማታ ቤቱ ገባ። እራት ላይ ይናገራል፤ ሻይ ላይ ይናገራል። ሩፈይዳ ከሰላት በኋላ እጇን ዘርግታ ዱዓ ስታደርግ ሰማት፦ «ያ ረቢ፣ ያንን እግር ቶሎ አብቅልልኝ።»

መጀመሪያ ቁስሉ ጫፍ ላይ ምስር የምታህል እብጠት ታየች። ቆይታ የሩዝ ፍሬ አከለች። አንድ ጠዋት ጋሽ ዋቅጋሪ ሳፋው ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩና «ጣት አወጣ» አሉ፤ በሹክሹክታ። ቲጃኒ መቀሱን አስቀምጦ መጣ፤ ግማሽ ፀጉሩ የተቆረጠውም ሰውዬ ተከትሎት መጣ። ሦስቱም ጎንበስ ብለው ጣቱን አዩ።

የጋሽ ዋቅጋሪም ጀሶ ተፈታ። ከውስጡ የወጣው እግር ቀጭንና የገረጣ ነበር። ሱሪያቸውን ሰብስበው ከሳፋው አጠገብ ዘረጉትና አንዴ ወደራሳቸው፣ አንዴ ወደ ሙሽራው ተመለከቱ።

«የሱ ይሻላል» አሉ።

ቲጃኒ የዳነውን እግር ፎቶ አንስቶ ላከ። ጽዮናዊት ወዲያው ደወለች። «እኔ ወደ አዳማ አላመጣውም፤ ሙቀቱ ይገድለዋል። አንተ ጋ ይቅር። ዓሣ ብቻ አታምጣለት።»

ሙሽራው ወደ መስታወት ገንዳው በተመለሰ ማግስት ቲጃኒ ሬዲዮውን ከፈተ፤ ቶንዶሱን አነሳ፤ ወሬውንም ጀመረ። ወንበሩ ላይ የነበረው መምህር ኤልያስ በመስታወቱ አየው።

«ዳነ እንዴ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ድኗል።»

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

ኤልያስ ሬዲዮውን ገልመጥ አደረገ። «ትንሽ ቢያገግም ጥሩ ነበር» አለ።

ተጠባባቂዎቹም አንድ በአንድ እንስሳው ገና ድካም እንደሚታይበት መሰከሩ። ቲጃኒ ቅር ቢለውም ተስማማ፤ እስከ ምሳ ጸጥታና መቀስ፣ ከምሳ በኋላ ሬዲዮና ወሬ። አሁን ጠዋት ጠዋት ወረፋው በር ድረስ ይደርሳል። ቲጃኒ ለሩፈይዳ የጊንጆ ሰው የጠዋት አየር እንደሚወድ ነግሯታል፤ እሷም እውነትህን ነው ትለዋለች።