ግንባሯ ላይ የቀረው ፕላስተር

የቀዶ ሕክምና ክፍሏን ነርስ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «እትዬ ፕላስተር» ናት። ቅጽል ስሙን ያተረፈላት ራሷ ያመጣችው ሕግ ነው። አፍ ወይም መንጋጋ ሲሠራ ደም ወደ ሳንባ እንዳይወርድ፣ በሽተኛው ከደነዘዘ በኋላ ጉሮሮው ውስጥ እርጥብ የቁስል ጨርቅ፣ ጎዝ፣ ይወተፋል። ከተረሳ ያንቃል። ስለዚህ ጎዙ ሲገባ ግንባሩ ላይ ነጭ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ፕላስተሩን የሚልጠው ጎዙን ያወጣው እጅ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ነገር ሁሉንም ስትነዘንዝ ኖራለች።

ባለፈው ማክሰኞ ከሆስፒታሉ ደረጃ ወድቃ መንጋጋዋን ሰበረች። ዘወትር መቀስ በምትደረድርበት ክፍል በጀርባዋ ተንጋለለች።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ ቁጥጥሩን ለእኛ ተይልን» አላት የማደንዘዣ ባለሙያው። ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት።

ስትነቃ ላይኛውና ታችኛው ጥርሷ በሽቦ ተጠፍሯል። ጉሮሮዋን የሆነ ነገር ሰንጎ ይዟታል። የመተንፈሻ ቱቦው ልጦኝ ይሆናል ብላ ራሷን እያጽናናች ቆቧን ገፋ ስታደርግ ጣቷ ግንባሯን ነካ። ፕላስተሩ አለ።

«እምም! እምም!»

«አይዞሽ እታለም፣ አለቀ እኮ» አለ አጠገቧ የተቀመጠው ታናሽ ወንድሟ። ግንባሯን አሳየችው። «እሱ ነው የቆረቆረሽ? ቆይ ላንሳልሽ» ብሎ ጥፍሩን ሲሰድ እጁን ለቀም አደረገችው። በሌላው እጇ፣ ብዕር ስጡኝ ለማለት፣ አየር ላይ ጻፈች። ሳቀ። «ማደንዘዣው ገና አልለቀቃትም!» አለ ለተረኛዋ ነርስ።

ተረኛዋ ግን ሕጉን የተማረችው ከእሷው ነበር። ፕላስተሩን ስታይ ፊቷ ዐመድ መሰለ። የማደንዘዣ ባለሙያው ከሐኪሙ ጋር ተጠራ።

«አውጥቻለሁ» አለ። ፕላስተሩን ሲያይ «ያወጣሁ መሰለኝ» አለ። የገባና የወጣ ጎዝ የሚጻፍበት ሰሌዳ ተጠርጓል፤ የቆሻሻው ባልዲ ተደፍቷል፤ ጎዙ ራጅ ላይ የሚታይ ክር የለውም።

«እትዬ፣ ምን ይሻላል?» ሲል ጠየቃት፣ እንደ ልማዱ። በታሰረ ጥርስ ምን ትበለው!

ሐኪሙ ከራስጌዋ የተንጠለጠለውን የሽቦ መቁረጫ አወረደ። በየአልጋው ያሰቀለችውም እሷው ናት። ቀጭ፤ ቀጭ። እያንዳንዷ ቀጭታ አጥንቷ ድረስ ዘለቀች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል፤ ወንድሟ እግሯን ጭብጥ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ሐኪሙ ምላሷን ተጭኖ በባትሪ አየ። ደግሞ አየ።

«ባዶ ነው። የለም።»

ባለሙያው ፕላስተሩን ቀስ ብሎ ላጠ። «ይቅር በይኝ እትዬ፣ የረሳሁት ይችን ብቻ ነው።»

አፏ ተፈቷል፤ ነገር ግን የተላቀቀ መንጋጋ ስድብ አይሸከምም።

«ነገ ጠዋት እንደገና እናስረዋለን» አለ ሐኪሙ።

ባለሙያውን ቀና ብላ አየችው። ነገም ጎዙን የሚወትፈው እሱ ነው፤ ሌላ ባለሙያ የለም። ያን ጊዜ እሷ ተኝታ ትሆናለች።