የተመለሱት አርባ ስምንት ታማሌዎች

እኔ ሰው አላምንም። ሚስቴ ትሪኒዳድ «አንተማ ጥላህንም ትጠረጥራለህ» ትለኛለች፤ እውነቷን ነው። ሄርሊንዳ ኦሊቫሬስ ዳኛ ሆና ስትመረጥም ከተማው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ሲጨፍር፣ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ «ከጀርባዋ ማን አለ?» እል ነበር።

እዚህ ቴክሳስ ድንበር ላይ፣ ሪዮ ብራቮ ወንዝ ዳር፣ ከዚያ በፊት ከእኛ ከሜክሲኮ ዘሮች ዳኛ የሆነ አልነበረም፤ ሴትማ ጭራሽ። ሄርሊንዳን ከልጅነቷ አውቃታለሁ። አባቷ ሐብሐብ ለቃሚ ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቷ እዚያው ፍርድ ቤት ለእናቷ ስታስተረጉም አይቻለሁ፤ ዳኛው «ዝም በይ» ሲላት ዝም አላለችም። ጥጥ ለቅማ ባገኘችው ገንዘብ ሕግ ተማረች። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። ግን የዚህ አገር የከብት ጌቶች ያንን ወንበር እንዲህ በቀላሉ ይለቃሉ? እኔ ልሙት አይለቁም!

ያን ዓመት ጎረቤቴ ሚስተር ቶልበርት፣ የስንት ሺህ ከብት ጌታ፣ ወደ ወንዙ የምወርድበትን መንገድ በሽቦ አጠረው። የውሃ መሳቢያዬ ያለው ወንዙ ዳር ነው። ውሃ ካጣሁ ሐብሐቤ ይደርቃል፤ ሐብሐቤ ከደረቀ ደግሞ ከአያቴ የወረስኩት መሬት ያው የቶልበርት ነው። ከሰስኩት። ጉዳዩ ሄርሊንዳ ዘንድ ደረሰ።

የገና በዓል እየተቃረበ ነበር። እኛ ዘንድ በገና ለምታከብረው ሰው ታማሌ ካልላክህ ሰደብከው ማለት ነው፤ የተላከልህን ከመለስክ ደግሞ የባሰ። ትሪኒዳድ የአሳማ ሥጋውን በበርበሬ አብስላ፣ በበቆሎ ሊጥ ውስጥ ከታ፣ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልላ፣ አርባ ስምንት ታማሌ ለዳኛዋ ወሰደች።

በማግስቱ ዳኛዋ ራሷ ድስቱን ተሸክማ መጣች። «ዶና ትሪኒዳድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልችልም» ብላ ደጃፋችን ላይ አስቀምጣው ሄደች።

ትሪኒዳድ አለቀሰች። «ፈረንጅ ሆነች! እናቷ ይህን ሳታይ መሞቷ በጀ!»

እኔ አላለቀስኩም፤ ድስቱን ከፍቼ መቁጠር ጀመርኩ።

«ምን ታደርጋለህ አንተ ሰውዬ?»

«አንዲት እንኳ ቀምሳ እንደሆነ ብዬ ነዋ።»

«አፈር ብላ!»

አርባ ስምንት። አንድ አልጎደለም። ይሄ ጭራሽ አስጠረጠረኝ፤ የእኛን ካልበላች የቶልበርትን በልታለች አልኩ።

ከበዓል በኋላ ፍርድ ቤት ቀረብን። የቶልበርት ጠበቃ ብድግ ብሎ «ክብርት ዳኛ፣ ከከሳሽ ሚስት ድስት ሙሉ ታማሌ ተቀብለዋል፤ ይዛ ስትገባ ያዩ ሰዎች አሉ። ከጉዳዩ ይነሱልን» አለ። እሷ ከተነሳች መዝገቡ የሚሄደው ለጎረቤት አውራጃ ዳኛ ነው፤ ያ ሰውዬ ደግሞ በየዓመቱ ከቶልበርት ጋር አጋዘን ያድናል።

ሄርሊንዳ አስምላ ጠየቀችኝ።

«ዶን ኤውሴቢዮ፣ ታማሌው ምን ሆነ?»

«ተመለሰ።»

«ስንት ሄዶ ስንት ተመለሰ?»

ምን ልታደርገኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ግን ምያለሁ። «አርባ ስምንት ሄዶ አርባ ስምንት ተመለሰ። በእጄ ቆጥሬዋለሁ።»

«ለምን ቆጠሩት?»

«እርስዎን ስለማላምን ነዋ!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቶልበርት ራሱ ሳቀ፤ ጠበቃው ግን ቁጭ አለ። እሷ ፊቷ ሳይፈታ ወደ ጸሐፊው ዞራ «ከሳሽ ዳኛዋን እንደማያምን ይመዝገብ። አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ» አለች።

በሦስተኛው ቀን የአያቴን የመሬት ወረቀት መርምራ ሽቦው እንዲነሳ ፈረደች። ላመሰግናት ብጠጋ እጇን እንኳ አልሰጠችኝም። «ይቺ ሴትዮ ምን ደብቃ ነው?» እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈረደች። በየገናው ታማሌ የላከላት ሁሉ ድስቱ እንዳለ ተመለሰለት፤ ቀስ በቀስ በሯን የሚያንኳኳ ጠፋ። ትሪኒዳድም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጠገቧ አትቀመጥም ነበር።

ጡረታ በወጣች ዓመት፣ ለገና ታማሌ ስንጠቀልል በራችን ተንኳኳ። ሄርሊንዳ ናት። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ዶና ትሪኒዳድ፣ ከእንግዲህ ዳኛ አይደለሁም። የሚተርፋችሁ ካለ...» ወደ ድስቱ አየች። «እናቴ ከሞተች ወዲህ ቀምሼ አላውቅም።»

ትሪኒዳድ ክንዷን ጎትታ «ነይ ግቢ የኔ ልጅ! ከስተሻል እኮ!» እያለች አስገባቻት፣ ድስቱንም ከፈተችላት። እኔ አፈርኩ። ያን ሁሉ ዘመን ከማን ጋር ትበላ ይሆን ብዬ ስጠረጥራት፣ ብቻዋን ትበላ እንደነበር አንድ ቀን አላሰብኩም።

ስንት እንደበላች ትጠይቁኝ ይሆናል። እንጃ። ያን ቀን አልቆጠርኩም።