የድልድዩ መንገድ

ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው የሥራ ጃኬቱ ላይ «የትራፊክ መረጃ ክፍል» ይላል። ከደረት ኪሱ ፒንሳና ጥቁር ፕላስተር ብቅ ብለዋል። ስልኩ ላይ የከተማው ካርታ ተዘርግቷል፤ በየምሰሶው የተሰቀሉ ሴንሰሮች መኪና ይቆጥራሉ፣ ኮምፒውተሩ ከቆጠራው እየተማረ መጨናነቁን በቀለም ይገምታል። እሱ ግን ዓይኑን የተከለው አንድ መንገድ ላይ ብቻ ነው።

ደወለ። «የት ደረስሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

«ኧረ ተወኝ! አለቃዬ ላድርስሽ ብሎኝ ድልድዩ ላይ ተዘግቶብን ቆመናል።» የሚስቱ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ።

ካርታው ላይ ድልድዩ አረንጓዴ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው ማለት ነው። ካርታውን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ዘጋው። ያው አረንጓዴ።

ማየቴን ሲያውቅ ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«የድልድዩ ሴንሰር ተበላሽቷል፣ ጋሼ» አለኝ። «ጠዋት የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ሳላጠብቀው ቀርቼ መሆን አለበት።»