ውሃዋን የምትሰውር መኪና

መኪናዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የፈላችው በግንቦት፣ በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ወደ ዳቡቅ ሰፈር የሚያስወጣው ዳገት መሀል ላይ ነው። ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ቡልቅ ሲል፣ መሪውን የያዙት ኡም ሐዚም «እሳት!» ብለው ጮኹ። የእጅ ቦርሳቸውንና ከገበያ የገዙትን አንድ ከረጢት ኮክ አንጠልጥለው ወረዱ፤ ለሰባ አራት ዓመት ሴት በማይታመን ፍጥነትም መንገዱን ተሻገሩ። ከጎናቸው የተቀመጠችውን ሠራተኛቸውን እቴነሽን ግን ረሷት። የእሷ ወንበር ቀበቶ በጫማ ተረከዝ ካልተመታ አይከፈትም። ስትመታው፣ ስትመታው ሳቋ መጣባትና ጫማው ከእጇ ወደቀ።

«ምን ያስቅሻል? እየተቃጠልሽ እኮ ነው!» አሉ ኡም ሐዚም ከመንገዱ ማዶ።

«ኮኩን ይዘው እኔን ጥለው ሄዱ እኮ፣ ማማ!»

«ኮኩ እግር የለውም! አንቺ አለሽ!»

ደግነቱ እሳት አልነበረም። ሞተሩ ግሎ ውሃው ፈልቶ ነው። እስኪበርድ ጠብቀው፣ ውሃ ሞልተው፣ ኮኩን እየበሉ ቀስ ብለው ቤት ገቡ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ፈላች።

እቴነሽ የሆሳዕና ልጅ ናት። አማን ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ ሁሉንም ያሳለፈችው በዚሁ ቤት ነው። የሚያውቋት ሰዎች በሁለት ነገር ያነሷታል። አንደኛ፣ የጀመረችውን ነገር መተው አትችልም፤ አንዲት ነጠብጣብ ከምንጣፍ ላይ አልለቅም ካለች እሷም አትለቃትም። ሁለተኛው ሳቋ ነው። መሳቅ በማይገባበት ቦታ ሁሉ ይመጣባታል። አንድ ጊዜ ኢቃማዋን፣ የመኖሪያ ፈቃዷን፣ ልታሳድስ ሄዳ፣ አሻራ የሚወስደው ፖሊስ ጣቷን ሲይዛት ስለኮረኮራት አሻራው አምስት ጊዜ ተበላሽቷል። ከዚያ ወዲህ ኡም ሐዚም ወደ መሥሪያ ቤት ሲወስዷት፣ ከመኪና ሳይወርዱ «በይ፣ እዚሁ ሳቂና ጨርሺ» ይሏታል።

ኡም ሐዚም ራሳቸው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ሁለት ትራስ ደርበው ነው የሚነዱት። መኪናዋ ሟች ባለቤታቸው የተዉላቸው አሮጌ የጀርመን መኪና ናት። አንድ ልጃቸው ሐዚም ዱባይ ሆኖ በየእሑዱ እየደወለ «ይማ፣ ሽጪያትና ተገላገይ» ይላቸዋል። እሳቸው ግን ዳቡቅ ውስጥ አውቶቡስ እንደሌለ፣ መኪና የሌላት ባልቴት ደግሞ ቤቷ ውስጥ እንደ ቁምሣጥን እንደምትቀር ያውቃሉ። ለእቴነሽም ቢሆን መኪናዋ ዓርቧ ናት። ኡም ሐዚም በየሳምንቱ ዓርብ፣ በዕረፍት ቀን፣ ጀበል አል-ወይብደህ ያለችውን እህታቸውን ሲጠይቁ፣ እቴነሽን እዚያው ሰፈር ያለው የአበሾች ጸሎት ቤት ያደርሷታል።

ስለዚህ ውሃው የት እንደሚገባ መታወቅ ነበረበት። ኡም ሐዚም የዓለምን ወንዞች መነሻና መድረሻ በቃላቸው ያውቃሉ፤ የመኪናቸው ውሃ መድረሻ ግን ጠፋባቸው።

መጀመሪያ የመጡት ጎረቤታቸው አቡ ረዓድ ናቸው፤ ጡረተኛ ኮሎኔል። ሠራዊቱ ውስጥ ያገለገሉት በሙዚቃ ጓድ ስለነበር በዕድሜያቸው የጠገኑት ነገር ቢኖር መለከት ነው። ይህ ግን አላገዳቸውም። ሞተሩን አስነስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠጉ።

«ግማሽ ድምፅ ወርዷል» አሉ በመጨረሻ። ምን ማለት እንደሆነ የጠየቃቸው የለም።

ቀጥሎ መኪናዋ ማርካ ሰፈር፣ ጀማል ጋራዥ ሄደች። ጀማል ሥራውን የሚያውቅ፣ ወሬ የማያበዛ መካኒክ ነው። መጀመሪያ ቴርሞስታቱን ለወጠ። ሁለት ቀን ደህና ሆነችና ሦስተኛው ቀን ፈላች። የውሃ ፓምፑን ለወጠ። አሁንም ያው። ራዲያተሩን ፈትሾ፣ ክዳኑን ቀይሮ፣ ውሃው ቢፈስ በቀለሙ እንዲለይ አረንጓዴ ኩላንት የሚባለውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሞላባት። በሳምንቱ ሲከፍተው ግማሹ የለም። የዘይት መለኪያውን መዞ አየ፤ ውሃ ገብቶበት ቢሆን ዘይቱ ወተት የገባበት ሻይ ይመስል ነበር፤ ንጹሕ ነው። ከጭስ ማውጫውም ነጭ ጭስ አይወጣም። ከሥር ተኝቶ ሲያይ ሆዷ ደረቅ ነው።

«ውሃ ካነሰ ፈሷል፤ ከፈሰሰ ደግሞ መሬት ላይ መታየት አለበት» አለ እጁን እየጠረገ። «ይቺ ግን የምትጠጣው ነው የሚመስለኝ።»

ኮሎኔሉ ይህን ሲሰሙ ሥራውን ተረከቡ። ከኡም ሐዚም ቁምሣጥን ምርጡን ነጭ አንሶላ አስወጥተው መኪናዋ ሥር አነጠፉና «አንዲት ጠብታ ብትወድቅ እናያታለን» አሉ። ከጠዋት እስከ ማታ ተጠበቀ። ማታ ሲያዩ ጠብታ የለም፤ አንዲት ድመት ግን ከሦስት ልጆቿ ጋር ተኝታበታለች። አንሶላውን ያጠበችው እቴነሽ ናት።

«እንግዲህ ግልጽ ነው፤ ውሃው እየተሰረቀ ነው» አሉ ኮሎኔሉ።

አማን ውስጥ የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንዴ ስለሆነ፣ ከጣሪያ ታንከር ውሃ የተሰረቀበት ሰው አይጠፋም። ከመኪና ራዲያተር ግን የሰማ የለም። ቢሆንም ኮሎኔሉ ኮፈኑ ላይ ጥቁር ክር አሰሩ፤ ሌባው ሲከፍት እንዲበጠስ። በማግስቱ ክሩን ራሳቸው ረስተው በጠሱትና ግማሽ ቀን ሙሉ የሰፈሩን ዘበኛ ሲመረምሩት ዋሉ።

ዓርብ ዕለት ደግሞ ጸሎት ቤቱ በር ላይ ፈላች። የእቴነሽ ጓደኛ ፋንቱ እህቶችን ሰብስባ ወጣች። «እጅ እንጫንባት!» አለች። ስምንት ሴቶች ዓይናቸውን ጨፍነው በአንድነት የጋለው ኮፈን ላይ እጃቸውን ጫኑ፤ በአንድነትም አነሱ። የእቴነሽ ሳቅ እስከ መዝሙሩ መጨረሻ አልበረደም።

ሐምሌ ሲገባ ጀማል የሚቀረው አንድ ጥርጣሬ ሆነ፤ ሞተሩን መክፈት። ለዚያ የሚያስፈልገው ዕቃ እስኪመጣ አንድ ምክር ሰጣቸው።

«መርፌዋ ወደ ቀዩ ስትወጣ ሶፋጁን እስከ መጨረሻው ክፈቱት።»

ሶፋጅ ማለት የመኪናዋ ማሞቂያ ነው። የሞተሩን ሙቀት እየሳበ ወደ ውስጥ ይነፋል።

«በሐምሌ?» አሉ ኡም ሐዚም።

«ሞተር ወር አይቆጥርም፣ ሐጃ።»

በዚያው ሳምንት የኡም ሐዚም የድሮ የሥራ ባልደረባ ባሏ ሞቶባት ሰልጥ ከተማ ለቅሶ መድረስ ነበረባቸው። ገና ዳገቱ ሲጀምር መርፌዋ ወጣች። ሶፋጁ ተከፈተ። ከፊት የእሳት ነፋስ፣ ከመስኮት የሐምሌ ነፋስ። ሁለቱም ጥቁር ለብሰዋል። እቴነሽ ሁለት ፎጣ በውሃ አርሳ አንዱን ኡም ሐዚም ራስ ላይ፣ አንዱን ራሷ ላይ ጣለች። መብራት ላይ አጠገባቸው የቆመ የታክሲ ሹፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አያቸውና መልሶ ዘጋው።

ለቅሶ ቤት ሲደርሱ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ዓይናቸው አብጧል፤ ልብሳቸው ገላቸው ላይ ተጣብቋል። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። ሟቹን ሚስቱ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችለትም። ይህን ጊዜ እቴነሽ የኡም ሐዚም ፎጣ ራሳቸው ላይ እንዳለ መሆኑን አየች። ሳቋ መጣ። የራሷን ፎጣ ፊቷ ላይ ጫነችው፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል።

«ወይኔ ሐቢብቲ!» ብላ ሐዘንተኛዋ አቀፈቻት። «አታውቂውም እኮ! ሳታውቂው እንዲህ ካለቀስሽ ብታውቂው ምን ልትሆኚ ነበር?»

እቴነሽ ጭራሽ ባሰባት። ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧትና ውሃ አጠጧት።

ሲመለሱ ኡም ሐዚም መኪናዋን ገና ከመክፈታቸው አፍንጫቸውን ያዙ።

«ይህ ምንጣፍ ዛሬም ሸቷል። ስንት ጊዜ አድርቂው አልኩሽ፣ ኢቴ?»

ስሟን ሙሉውን መጥራት ስለማይሆንላቸው ኢቴ ነው የሚሏት። በእቴነሽ በኩል ያለው ምንጣፍ ጉዳይ የቆየ ጠባቸው ነው። በረመዳን ኡም ሐዚም አንድ ጠርሙስ ተምር ሂንዲ፣ ያንን ጣፋጭ የጾም መጠጥ፣ እዚያው ደፍተውበታል። እሳቸው አልደፋሁም ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ምንጣፉ ቢታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ቢሰጣ፣ ተመልሶ ይረጥባል፤ ተመልሶም ጣፋጭ ጣፋጭ ይሸታል። የፊት መስታወቱም በውስጥ በኩል በየሳምንቱ ቅባት ይለብሳል። እቴነሽ ትወለውለዋለች፤ ይመለሳል። በሙያዋ እንዲህ ያለ ውርደት ደርሶባት አያውቅም።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። አሁንም ሶፋጁን ከፍተው፣ እቴነሽም ከሙቀቱ የተነሣ ጫማዋን አውልቃ፣ ወይብደህ ደረሱ። ጸሎት ቤቱ በኪራይ አፓርታማ ውስጥ ስለሆነ ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ሁሉም ተንበርክኮ ሲጸልይ ፋንቱ ከኋላ ሆና የእቴነሽን ተረከዝ ነካች።

«አንቺ! አንድ እግርሽ አረንጓዴ ሆኗል!»

«የቱ?»

«ግራው። ኧረ ምን ነክቶሻል?»

እቴነሽ ዞራ አየች። ነጭ ካልሲዋ ከጣቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ አረንጓዴ ሆኗል። ሰው ሁሉ ዓይኑን እንደጨፈነ አይታ ካልሲውን አወለቀችና አሸተተችው። ያው ጣፋጭ ሽታ። ግን ተምር ሂንዲ ቡናማ ነው። አረንጓዴ ምን አለ? ጀማል ራዲያተሩ ውስጥ የሞላው! የምንጣፉ እርጥበት፣ የመስታወቱ ቅባት፣ መሬት ላይ የማይታየው ውሃ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣላት።

«አገኘሁት!» ብላ ጮኸች።

«ሃሌ ሉያ!» አለ የጸሎቱ መሪ። «እህታችን አግኝታዋለች!»

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አቀፏት፤ ዘመሩላት። ያገኘችው የመኪና ውሃ መሆኑን ለመናገር አፏን ብትከፍትም የሚሰማት አልነበረም። ተወችውና አብራ ዘመረች፤ ካልሲዋን ግን አጥብቃ ይዛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱ ማርካ ሄዱ። እቴነሽ ፌስታል ፈትታ ካልሲውን ጀማል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«የልብስ ንጽሕና መስጫው ቀጥሎ ያለው በር ነው» አለ ጀማል።

«አሽትተው።»

«ወላሂ አላሸትም።»

«አሽተት እንጂ!» አሉት ኡም ሐዚም፣ በመምህርነት ድምፃቸው። ጀማል አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ከዚያ ተነሥቶ የመኪናዋን የፊት በር ከፈተና የእቴነሽን ምንጣፍ ገልጦ ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ ጨመቀ። አረንጓዴ ውሃ በክርኑ ላይ ወረደ።

ነገሩን ያስረዳቸው ጎንበስ ብሎ ነው። ከዳሽቦርዱ ኋላ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች፤ የሶፋጁ ናት። ሞተሩ የሞቀ ውሃውን ወደ እሷ ይልካል፤ ማራገቢያው ሙቀቱን ወደ ሰው ይነፋዋል። እሷ ተበስታለች። የሚያፈሰው ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ነው። እንፋሎቱ ደግሞ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ውሃው ሲያልቅ ሞተሩ ይፈላል። ሶፋጁ ዝግ ሲሆን ቀስ እያለ ይንጠባጠባል፤ ሲከፈት ግን...

«ሲከፈት ግን ምን?» አሉ ኡም ሐዚም።

ጀማል ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። «ይበዛል።»

«እስከ መጨረሻው ክፈቱት ያለን ማን ነበር?»

«ሻይ ላስመጣ» አለ ጀማል።

ለዚያች አሮጌ መኪና የሚሆን ትንሽ ራዲያተር በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ወደ እሷ የሚሄደውንና ከእሷ የሚመለሰውን ሁለት የጎማ ቱቦ እርስ በርስ አገናኝቶ እሷን ከመንገዱ አወጣት። ከእንግዲህ ማሞቂያ የለም። ግን ሰልጥ ድረስ ሲሞክሯት መርፌዋ ከመሀል አልተነቃነቀችም። ከዳገቱ ጫፍ ላይ ኡም ሐዚም መኪናዋን ዳር አስይዘው አቆሙ።

«አራት ወር ሙሉ ስለ ምንጣፉ ጮኼብሻለሁ፣ ኢቴ» አሉ።

«እኔም አራት ወር ሙሉ ተምር ሂንዲውን የደፉት እርስዎ ነዎት ብያለሁ፣ ማማ።»

«እሱንስ የደፋሁት እኔው ነኝ» አሉና ማርሽ አስገቡ።

እሑድ ሐዚም ሲደውል «መኪናዋ ድናለች፤ ችግሩን ያገኘችው ኢቴ ናት፣ በካልሲዋ» አሉት። መስመሩ ጥሩ አይደለም ብሎ ዘግቶ መልሶ ደወለ። ኮሎኔሉ በበኩላቸው ለሰፈሩ ሁሉ «ሌባው ከውስጥ ነው አላልኩም?» ሲሉ ከረሙ።

ታኅሣሥ ላይ የአማን ብርድና ዝናብ ሲመጣ ያለ ማሞቂያ መስታወቱ በእስትንፋሳቸው ይሸፈን ጀመር። አሁን ኡም ሐዚም የሱፍ ኮፍያ አድርገው፣ ትራሳቸው ላይ ተቀምጠው ይነዳሉ፤ እቴነሽ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ በእጇ ጨርቅ ይዛ ከጎን መስታወቱን ትወለውላለች። «ግራውን፣ ኢቴ! ግራውን! የምን አውቶቡስ ነው ያ?» ይላሉ። ባለፈው ዓርብ ወይብደህ ሲደርሱ ሁለቱም ሳቅ ይዟቸው ስለነበር፣ ከመኪናዋ ለመውረድ ሩብ ሰዓት ፈጀባቸው።